አዮኒክ ፈሳሽን በላቦራቶሪ በጥንቃቄ መያዝ፦ ከጠርሙሱ እስከ ቆሻሻ ጀሪካኑ

አዮኒክ ፈሳሽ ከ100 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች የሚቀልጥ ጨው ነው። ብዙዎቹ በክፍል ሙቀት ፈሳሽ ሆነው ይገኛሉ። ነገሩ አዲስ አይደለም፤ ፓውል ዋልደን በ12 ዲግሪ የሚቀልጠውን ኤቲልአሞኒየም ናይትሬት ያሳወቀው እ.ኤ.አ. በ1914 ነበር። «አረንጓዴ አሟሚ» የሚለው ስም የመጣው ብዙ ቆይቶ ሲሆን፣ ምክንያቱም እነዚህ ፈሳሾች በተለመደው ሙቀት ይህ ነው የሚባል ተን ስለሌላቸው ነው።

ስሙ ተማሪን ያዘናጋል። ኤተር ሲፈስ ይሸታል፤ ጥቂት ቆይቶም ተንኖ ይጠፋል። አዮኒክ ፈሳሽ ሲፈስ አብዛኛውን ጊዜ አይሸትም፣ ተንኖም አይጠፋም። ዛሬ ጠረጴዛ ላይ የተንጠባጠበው ከወር በኋላም እዚያው ነው፤ ሌላ ሰው ክርኑን እስኪያሳርፍበት ድረስ። አፍንጫችሁ ስለማያስጠነቅቃችሁ ጥንቃቄው ወደ ሦስት ነገሮች መዞር አለበት፦ ወደ ውኃ፣ ወደ ሙቀትና ወደ ቆዳ። ከዚህ በታች፣ ጎንደር ላይ በላቦራቶሪ ለምትሠሩ የተጻፈው ሁሉ በእነዚህ ሦስቱ ዙሪያ ነው።

መጀመሪያ የያዛችሁትን ለዩ

ጠርሙሱ ላይ ያለውን ስም እስከ መጨረሻው አንብቡ። የስሙ የመጀመሪያ ክፍል ካታዮኑን (ፖዘቲቭ ቻርጅ ያለውን አዮን)፣ የመጨረሻው አናዮኑን (ኔጋቲቭ ቻርጅ ያለውን) ይናገራል። ውኃና ሙቀት ሲነኩት ምን እንደሚሆን በአብዛኛው የሚወስነው አናዮኑ ነው።

በብዛት የሚያጋጥመው 1-ቡቲል-3-ሜቲልኢሚዳዞሊየም ሄክሳፍሎሮፎስፌት ነው። በአጭሩ ቢሚም ፒኤፍ6 ይባላል፤ የካስ ቁጥሩ (የኬሚካል መለያ ቁጥሩ) 174501-64-5 ነው። ከውኃ ጋር አይዋሃድም፤ እፍግታው በሚሊ ሊትር 1.37 ግራም ገደማ ስለሆነ ከውኃ በታች ይዘቅጣል። ደርቆና ቀዝቅዞ ሲቀመጥ ሳይፈርስ ይቆያል። ከውኃ ጋር ሲሞቅ ወይም አሲድ ሲነካው ግን ፒኤፍ6 እየፈረሰ ይሄዳል፤ ከፍራሹ የሚወጣው አደገኛ ነገር ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ነው። ሮቢን ሮጀርስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት ጥናት ይኸው ፈሳሽ በማጣራት ሂደት ላይ ፈርሶ ፍሎራይድና ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ እንደሚሰጥ አሳይተዋል። የቴትራፍሎሮቦሬቱ ዘመድ፣ ቢሚም ቢኤፍ4፣ ከውኃ ጋር ስለሚዋሃድ እርጥበት ይበልጥ ይስባል፤ የሚፈርስበት መንገድም ተመሳሳይ ነው።

ቢሚም ክሎራይድ ፍሎሪን የለውም። ጠጣር ነው፤ የሚቀልጠው በ70 ዲግሪ አካባቢ ነው። ቢዋጥ ግን መርዝ ነው፦ በአይጦች ላይ በተደረገ ምርመራ ግማሾቹን ይገድላል ተብሎ የተገመተው መጠን በኪሎ ግራም ክብደት 550 ሚሊ ግራም ነው። የዳይሲያናማይድ ጨዎችን ከአሲድ ጋር አታገናኙ። ከአሉሚኒየም ክሎራይድ ጋር የተሠሩት ክሎሮአሉሚኔቶች ደግሞ ከአየር እርጥበት ጋር ሳይቀር ተጋጭተው የሃይድሮጅን ክሎራይድ ጋዝ ያወጣሉ፤ ደረቅ ጋዝ የሞላው ግላቭ ቦክስ የሌለው ላቦራቶሪ ሊነካቸው አይገባም።

ሥራችሁ ከውኃ የማይዋሃድ ፈሳሽ ብቻ የሚፈልግ ከሆነና ምርጫው በእጃችሁ ከሆነ ፒኤፍ6ን ትታችሁ ኤንቲኤፍ2 የሚባለውን አናዮን የያዘውን ግዙ። ዋጋው ይወደዳል፤ ነገር ግን በውኃ አይፈርስም። ለእኛ ይህ ከማንኛውም ጓንት የሚበልጥ ጥበቃ ነው።

ከፍታው፣ ክረምቱና መብራቱ

ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር ከፍ ብላ ስለተቀመጠች የአየሩ ግፊት ወደ 78 ኪሎ ፓስካል ይወርዳል። አዮኒክ ፈሳሹን ይህ አይነካውም፤ አብረውት የሚሠሩትን አሟሚዎች ግን ይነካቸዋል። ውኃ በ93 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፣ ዳይክሎሮሜቴን በ32፣ ዳይኤቲል ኤተር በ27 አካባቢ። በየካቲትና በመጋቢት የቀትር ሙቀት ኤተርን በሴፓራቶሪ ፈነል ውስጥ ከአዮኒክ ፈሳሽ ጋር ስትንጡ ግፊቱ ወዲያው ይነሳል። ሁለት ሦስት ጊዜ ባዟዟራችሁ ቁጥር ፈነሉን ገልብጣችሁ፣ ጫፉን ከሰው አዙራችሁ ቧንቧውን ክፈቱ። የሚቻል ከሆነ በኤተር ፈንታ ኤቲል አሲቴት ተጠቀሙ፤ እሱ እዚህ የሚፈላው በ69 ዲግሪ አካባቢ ነው።

የቫኪዩም ጌጁም ነገር ይነሳ። ከአካባቢው አየር አንጻር የሚለካ ጌጅ ጎንደር ላይ ፓምፑ ምንም ያህል ጥሩ ቢሆን ከአሉታዊ 0.78 ባር በታች ወርዶ አያነብም። ፓምፑ ተበላሽቷል ብላችሁ አትፍቱት።

ከሰኔ እስከ መስከረም አየሩ እርጥብ ነው። ቢሚም ክሎራይድ ክዳኑ ተከፍቶ ሲመዘን በደቂቃዎች ውስጥ ይላቆጣል፤ ቢኤፍ4 እርጥበት ይጠጣል፤ ከውኃ ጋር የማይዋሃደው ፒኤፍ6 እንኳን ውኃ ከጠገበ ከክብደቱ ከ1 እስከ 2 በመቶ ውኃ ሊይዝ ይችላል። በክረምት የተከፈተ ጠርሙስን ሲሊካ ጄል ባለበት ዲሲኬተር ውስጥ አኑሩ። ጄሉ ቀለሙን ከቀየረ በኦቨን አድርቁት። በኅዳርና በታኅሣሥ ደግሞ ሌሊቱ ስለሚቀዘቅዝ ቢሚም ፒኤፍ6 ጠዋት ላይ በጣም ወፍሮ ወይም ረግቶ ልታገኙት ትችላላችሁ፤ መቅለጫው ወደ 10 ዲግሪ ስለሚጠጋ ነው። አልተበላሸም። ክዳኑን አጥብቃችሁ በ40 ዲግሪ የውኃ ገንዳ ውስጥ ለግማሽ ሰዓት አቁሙት፤ ውኃው አንገቱ ላይ እንዳይደርስ።

መብራት ሲጠፋ ሦስት ነገር ባንድ ጊዜ ይሆናል፦ ሁዱ (ተንና ጋዝ ስቦ የሚያስወጣው መሥሪያ ሳጥን) መሳብ ያቆማል፣ ማማሰያው ይቆማል፣ የቫኪዩም ፓምፑም ይቆማል። ፓምፑ ሲቆም ዘይቱ ወደ ፍላስኩ ሊሳብ ስለሚችል በፓምፑና በፍላስኩ መካከል ትራፕ (ዘይቱን የሚያስቀር ባዶ ዕቃ) እና የሚዘጋ ቧንቧ ይኑር። ማዞሪያ ቁልፍ ያለው ሆት ፕሌት መብራቱ ሲመለስ ማንም ሳይነካው ማሞቅ ይጀምራል፤ ስለዚህ መብራት በጠፋ ቅጽበት ቁልፉን ወደ ዜሮ መልሱ፣ ሶኬቱንም ንቀሉ። ሁዱን ዝጉና ውጡ።

ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት በእጃችሁ ሊገኝ የሚገባው

ጥጥ ጋውን፣ የተዘጋ ጫማ፣ ዓይንን ከጎንም የሚሸፍን ጎግል። ጓንቱ ናይትራይል ይሁን፣ ሁለት ደርባችሁ ልበሱ፤ የላይኛው ጠብታ ከነካው ወዲያው ይውለቅ። ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ሊኖር ይችላል ብላችሁ የምትጠረጥሩትን ጠርሙስ ስትይዙ ግን ስስ ጓንት አይበቃም፤ በላዩ ወፍራም የኒዮፕሪን ጓንት ይጨመር። የላቴክስ ጓንትን ለዚህ ሥራ አትመኑት።

ውኃ። ዓይን ለመታጠብ በደቂቃ 1.5 ሊትር ለ15 ደቂቃ ያስፈልጋል፤ ሲባዛ 22.5 ሊትር ይሆናል። የቧንቧ ውኃ በሚቋረጥበት ቀን አንድ ባለ 20 ሊትር ቢጫ ጀሪካን ብቻ ይዞ መሥራት ማለት ዓይን ሳይታጠብ ውኃው ያልቃል ማለት ነው። ሁለት የተሞሉ ጀሪካኖች፣ ሰፊ አፍ ያለው ማንቆርቆሪያም ከአጠገባቸው ይቀመጥ። ውኃው በየሳምንቱ ይቀየር። ውኃ ከሌለ ሥራው ለሌላ ቀን ይተላለፍ፤ በዚህ ላይ ድርድር የለም።

የካልሲየም ግሉኮኔት ጄል። ፒኤፍ6 ወይም ቢኤፍ4 ያለበት ላቦራቶሪ 2.5 በመቶ የሆነውን ጄል ሊያጣ አይገባም። የተዘጋጀው ካልተገኘ በሆስፒታል የሚታወቀውን ባለ 10 በመቶ የካልሲየም ግሉኮኔት አምፑል 10 ሚሊ ሊትር ወስዳችሁ በውኃ ከሚሟሟ የሕክምና ማለስለሻ ጄል 30 ሚሊ ሊትር ጋር በንጹሕ ዕቃ አዋህዱ፤ 40 ሚሊ ሊትር ባለ 2.5 በመቶ ጄል ይወጣችኋል። ቫዝሊን አይሆንም፤ ቅባት ስለሆነ ካልሲየሙን ወደ ቆዳ አያሳልፍም። አምፑሎቹ ሥራው ከመጀመሩ በፊት እጃችሁ ላይ ይሁኑ። አደጋ ከደረሰ በኋላ ፋርማሲ መዞር ጊዜ ያባክናል።

አሮጌ ጠርሙስን መፈተሽ

ከስድስት ወር በላይ የቆየ፣ ወይም ማን እንደከፈተው የማይታወቅ የፒኤፍ6 ጠርሙስ ሳይፈተሽ ወደ ሙከራ አይግባ።

1. በሁድ ውስጥ ሆናችሁ መጀመሪያ ጠርሙሱን ብቻ ተመልከቱ። መስታወቱ ከውስጥ ጭጋግ የለበሰ ወይም የተፋቀ ከመሰለ ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ በልቶታል ማለት ነው፤ አትክፈቱት፣ በፕላስቲክ ባልዲ ውስጥ አስቀምጣችሁ ለኃላፊው አሳውቁ።
2. ክዳኑን ስትከፍቱ እርጥብ የፒኤች ወረቀት (አሲድነትን በቀለም የሚያሳይ) በአፉ ላይ ያዙ። ወረቀቱ ከቀላ ዝጉት።
3. ካልቀላ በፕላስቲክ ፒፔት 1 ሚሊ ሊትር ወስዳችሁ በፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ ከ1 ሚሊ ሊትር የተጣራ ውኃ ጋር ለአንድ ደቂቃ ናጡት። ፈሳሹ ከታች፣ ውኃው ከላይ ይለያያሉ።
4. የላይኛውን ውኃ ፒኤች ለኩ። ከ5 እስከ 7 ከሆነ ደህና ነው። ከ4 በታች ከወረደ ፈሳሹ ፈርሷል ወይም ከዝግጅቱ የቀረ አሲድ አለበት፤ አይሞቅ፣ በመስታወት ዕቃም አይቀመጥ።
5. በዚያው ውኃ ላይ 0.1 ሞላር ሲልቨር ናይትሬት ሁለት ሦስት ጠብታ ጨምሩ። ነጭ ዝቃጭ ከወጣ ክሎራይድ ቀርቶበታል። ይህ ለሰው አያሰጋም፤ የካታሊስት ሙከራን ግን ያበላሻል፣ የውፍረት ልኬትንም ያዛባል።

የፈሳሹ ቀለም ብቻውን ብዙ አይናገርም። ንጹሑ ቀለም የለሽ ነው፤ ቢጫነት ግን በዝግጅት ጊዜ ከመጠን በላይ ከማሞቅ ሊመጣ ይችላል፣ መጠኑም ለዓይን የሚጎላውን ያህል ብዙ ላይሆን ይችላል።

ከፈተሻችሁ በኋላ ፈሳሹን በወፍራም የፖሊኤቲሊን ወይም የቴፍሎን ጠርሙስ አቆዩት። የተከፈተበትን ቀን፣ የፒኤቹን ውጤትና የፈታሹን ስም ጠርሙሱ ላይ ጻፉ።

መመዘንና መቅዳት

ማይክሮፒፔት በአየር ግፊት የሚሠራ መሣሪያ ስለሆነ ለወፍራም ፈሳሽ ይዋሻል። ቢሚም ፒኤፍ6 በ25 ዲግሪ ከምግብ ዘይት ብዙ እጥፍ ይወፍራል፤ ቲፑ ውስጥ አየር ይገባል፣ ግድግዳው ላይም ፈሳሹ ይቀራል። ስለዚህ በመጠን አትስፈሩ፣ መዝኑ። 10 ሚሊ ሊትር ከፈለጋችሁ 13.7 ግራም መዝኑ። ፍላስኩን ሚዛኑ ላይ አድርጋችሁ ዜሮ አድርጉት፤ በፕላስቲክ ፒፔት ቀስ ብላችሁ ጨምሩ፤ የመጨረሻው ጠብታ እስኪላቀቅ ታገሡ። ጠብታው ክር ሆኖ ስለሚጎተት ጠርሙሱንና ፍላስኩን አጠጋግታችሁ ከሥራቸው የወረቀት ፎጣ አንጥፉ። ሚዛኑን ስትጨርሱ በአሴቶን በረጠበ ጨርቅ ጥረጉት። ፈሳሹ ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ ሶኬትና የሆት ፕሌት ገመድ አጠገብ አትመዝኑ።

ማሞቅና ማድረቅ

በመጽሐፍ ላይ «እስከ 350 ዲግሪ ይጸናል» የሚል ቁጥር ልታገኙ ትችላላችሁ። ያ ቁጥር ብዙውን ጊዜ የተገኘው ናሙናን ለደቂቃዎች በፍጥነት በማሞቅ ነው። ለሰዓታት የሚሞቅ ፈሳሽ ከዚያ ብዙ ዝቅ ባለ ሙቀት ይፈርሳል። እኛ የምንመክረው ወሰን ጥብቅ ነው፦ ውኃ ያለበት ፒኤፍ6 ወይም ቢኤፍ4 ከ50 ዲግሪ በላይ አይሞቅ፤ የደረቀውም ቢሆን ያለ በቂ ምክንያት ከ100 አይለፍ፤ አሲድ ያለበት ደግሞ ፈጽሞ አይሞቅ።

ለማድረቅ መጀመሪያ በውስጡ የቀረውን አሴቶን ወይም ኤቲል አሲቴት በሮታሪ ኢቫፖሬተር በ40 ዲግሪ አውጡ። ቀጥሎ በዘይት ፓምፕ ቫኪዩም ሥር፣ ማማሰያው እየዞረ፣ በ50 ዲግሪ 24 ሰዓት አቆዩት። ቫኪዩሙን ቀስ በቀስ ክፈቱ፤ ወፍራም ፈሳሽ የያዘውን አሟሚ ባንዴ ሲለቅ አረፋ ሆኖ ወደ ቱቦው ይወጣል። ፍላስኩ ከግማሽ በላይ አይሞላ።

ማይክሮዌቭ ሌላ ጉዳይ ነው። አዮኖች የማይክሮዌቭን ኃይል በብርቱ ይስባሉ፤ ሙቀቱ በሰከንዶች ውስጥ ያለ ልክ ይወጣል። የቤት ማይክሮዌቭ ለዚህ አይሁን።

ተን የለውም ማለት አይነድም ማለትም አይደለም። ከልክ በላይ ሲሞቅ የሚወጣው ፍራሽ ይቀጣጠላል፤ ፍሎሪን ካለበት ጭሱ ራሱ ሃይድሮጅን ፍሎራይድ ይይዛል። ለትንሽ እሳት የካርቦን ዳይኦክሳይድ ወይም የዱቄት ማጥፊያ ይበቃል፤ ፒኤፍ6 እየነደደ ከሆነ ግን ክፍሉን ለቃችሁ ውጡ።

የጤፍ ገለባ ላይ ለምትሠሩ

ሴሉሎስን ለማሟሟት የሚመረጡት ቢሚም ክሎራይድና ኤሚም አሲቴት (1-ኤቲል-3-ሜቲልኢሚዳዞሊየም አሲቴት) ፍሎሪን ስለሌላቸው ከላይ ያለው የአሲድ ስጋት አይመለከታቸውም። ገለባውን ፈጭታችሁ በ105 ዲግሪ አድርቁ። በ20 ግራም ፈሳሽ ከ1 ግራም ጀምሩ፤ ከ90 እስከ 100 ዲግሪ እያማሰላችሁ አሙቁ። ካልሟሟ ሙቀት አትጨምሩ፤ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋተኛው ውኃ ነው፣ 1 በመቶ እንኳን ማሟሟቱን ያደክመዋል። ሴሉሎሱን መልሳችሁ ለማዝቀጥ ውኃ ስትጨምሩ ፈሳሹ ቀድሞ ከ60 ዲግሪ በታች ይቀዝቅዝ።

ሲፈስ

ተራ ፍሳሽን በደረቅ አሸዋ ወይም በወረቀት ፎጣ ሸፍኑ፣ ሰብስባችሁ በፕላስቲክ ከረጢት ቋጥሩ፤ ቦታውን ፒኤፍ6 ወይም ኤንቲኤፍ2 ከሆነ በአሴቶን፣ ክሎራይድ ወይም ቢኤፍ4 ከሆነ በውኃ በረጠበ ጨርቅ ሁለት ጊዜ ጥረጉ። በአሴቶን ስትጠርጉ በአካባቢው እሳትም የጋለ ሆት ፕሌትም አይኑር። ጨርቁም ቆሻሻ ነው። በረኪና አታፍስሱበት።

ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ከተጠረጠረ አሸዋ አይሆንም። አሲዱ ከአሸዋው ሲሊካ ጋር ተጋጭቶ መርዛማ ጋዝ ያወጣል። የካልሲየም ካርቦኔት ዱቄት ወይም በውኃ የበረደ ኖራ በብዛት ነስንሱ፤ ፍሎራይዱን ወደማይሟሟ ካልሲየም ፍሎራይድ ይለውጠዋል። ጎንደር ውስጥ ኖራ ማግኘት አይቸግርም፤ ያልበረደው ግን ከውኃ ጋር ስለሚግል አትጠቀሙበት።

ሰው ሲነካ

ያልፈረሰ ፈሳሽ ቆዳ ከነካ ጓንቱንና የረጠበውን ልብስ አውልቃችሁ በሳሙናና በብዙ ውኃ ለ15 ደቂቃ እጠቡ። ሳሙናው የሚያስፈልገው ከውኃ የማይዋሃዱት በውኃ ብቻ ስለማይለቁ ነው።

አሲድ ሊኖርበት ይችላል ብላችሁ ከጠረጠራችሁ ሕመም እስኪሰማ አትጠብቁ። ቀጭኑ ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ከሰዓታት በኋላ፣ አንዳንዴ እስከ 24 ሰዓት ዘግይቶ ያሳምማል፤ እስከዚያ ፍሎራይዱ ወደ ውስጥ ገብቶ የሰውነትን ካልሲየም ማሰር ይጀምራል። ይህም የልብን ምት ሊያዛባ ይችላል። 5 ደቂቃ በውኃ እጠቡ፤ ወዲያው ጓንት አጥልቃችሁ የግሉኮኔቱን ጄል በቦታው ላይ እያሻችሁ ቀቡ፣ ሲደርቅ ድገሙት። ጄል ከሌለ ሐኪም እስኪደርስ ውኃው አይቋረጥ። ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ስትሄዱ ጄሉ እየተቀባ ይሂድ። ለሐኪሙ «አሲድ ነካው» ብላችሁ አትብቁ፤ «ፍሎራይድ ነው፣ ካልሲየሙና የልቡ ምት ይታይ» በሉ። የፈሳሹን የደህንነት መረጃ ወረቀት ታትሞ በር ላይ የተንጠለጠለውን ነቅላችሁ ይዛችሁ ሂዱ።

ዓይን ከሆነ 15 ደቂቃ ሙሉ ቆቡን ገልጣችሁ እጠቡ። ጄሉን ዓይን ውስጥ አታስገቡ። ከተዋጠ አፍ ይታጠብ፣ ማስታወክ አይሞከር።

ዕቃ ማጠብና ቆሻሻ

የመጀመሪያዎቹ ሁለት እጥበቶች ወደ ቆሻሻ ጀሪካን እንጂ ወደ ሲንክ አይሂዱ። ፒኤፍ6 የነካውን ብርጭቆ በ5 ሚሊ ሊትር አሴቶን ሁለት ጊዜ አለቅልቁ፤ ከዚያ በኋላ ነው ውኃና ሳሙና። አሲድ ባለበት የዕቃ ማጠቢያ ውስጥ ቀጥታ አትንከሩት፤ ምክንያቱ ከላይ ተነግሯል።

ሲንኩ ላይ ለምን እንደምንጠነክር ይታወቅ። ቀሃና አንገረብ ወደ መገጭ ይወርዳሉ፣ መገጭ ወደ ጣና። የቀሃ ውኃ የፋሲልን የጥምቀት ባሕር የሚሞላው ነው። ጣና ውስጥ በሌላ ሐይቅ የማይገኙ የላቤዎባርበስ ዝርያ ዓሦች አሉ፤ አንዳንዶቹ በክረምት ለመራባት ወደ መገጭ ይወጣሉ። የአዮኒክ ፈሳሽ መርዝነት በውኃ ውስጥ ነፍሳት ላይ የካታዮኑ የካርቦን ሰንሰለት በረዘመ ቁጥር ይጨምራል፤ ኦክቲል (ስምንት ካርቦን) ከቡቲል (አራት ካርቦን) እጅግ ይከፋል። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት የኦክቲሉን ካታዮን እንግሊዝ ውስጥ በአንድ የቆሻሻ መጣያ ዙሪያ አፈር ላይ አግኝቶታል።

ሁለት ጀሪካን ለዩ፦ አንዱ ፍሎሪን ላለባቸው፣ ሌላው ለሌላቸው። ሁለቱም የፕላስቲክ ይሁኑ፣ ከሦስት አራተኛ በላይ አይሞሉ፣ አሲድም ሆነ በረኪና አይጨመርባቸው። ፍሎሪን ባለበት ጀሪካን ውስጥ አንድ እፍኝ የካልሲየም ካርቦኔት ዱቄት ከመጀመሪያው ጨምሩ፤ አሲድ ሲገኝ ጋዝ ስለሚወጣ ክዳኑ ላላ ብሎ ይቀመጥ። በጀሪካኑ ላይ የካታዮኑንና የአናዮኑን ሙሉ ስም፣ የተቀላቀለውን አሟሚና የመጀመሪያው ፍሳሽ የገባበትን ቀን ጻፉ፤ በየወሩ መጨረሻ በእርጥብ የፒኤች ወረቀት አፉን ፈትሻችሁ ውጤቱን ከቀኑ ሥር መዝግቡ።